የሠርጉ ቪዲዮ ሰዓት

ማራኪ ኮልፌ ባለች ጠባብ ስቱዲዮዋ የሠርግ ቪዲዮ እየቀረጸች ታቀናብራለች። ማክሰኞ ጠዋት ጎረቤቷ ሜቲ እያለከለከች ገባች። ወንድሟ ሁንዴ ታስሯል። እሁድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ እዚያው ኮልፌ የእንጨት መጋዘን ጠባቂ ተደብድቦ፣ «ሁንዴን አይቻለሁ» የሚል ምስክር ተገኘ። ሁንዴ ግን በዚያ ሰዓት ሳንሱሲ ጓደኛው ሠርግ ላይ ነበርኩ ባይ ነው። ሠርጉን የቀረጸችው ደግሞ ማራኪ ናት።

«መርማሪው ሰዓቱ የሚታይበት ቪዲዮ አምጡ ብሏል። እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ!»

ማራኪ ቪዲዮውን ከፍታ ሰዓቱ ስክሪኑ ላይ እንዲወጣ አደረገች። ቁጥሩ ከዜሮ ጀመረ።

«ይሄ ርዝመቱን ነው የሚቆጥረው» አለችና የተቀረጸበትን ሰዓት ወደሚያሳየው ቀየረችው። ሁንዴ ሙሽራውን ተሸክሞ ሲጨፍር 15:34 ይላል።

«በፈረንጅ ነው። ስድስት ስትቀንሺ፣ ዘጠኝ ከሠላሳ አራት።»

«ተመስገን!»

ማራኪ ግን ምስሉን አጎላችው። ከሙሽራው ጀርባ ያለው የግድግዳ ሰዓት ዘጠኝ ከአራት ይላል። ካሜራዋን ከቦርሳ አውጥታ ከስልኳ ጋር አስተያየችው። የካሜራው ሰዓት ሠላሳ ደቂቃ ይቀድማል።

«ማን ያውቃል? ተይው በናትሽ!» አለች ሜቲ።

«መርማሪው ግድግዳውን ካየ ሁሉንም ውሸት ነው ይለናል። ማየት ያለብን እውነተኛውን ዘጠኝ ተኩል ነው፤ በካሜራው 16:00 ማለት ነው።»

ቪዲዮውን ወደፊት ወሰደችው። 16:00፣ ኬክ ይቆረሳል። ሁንዴ የለም። 16:01፣ ሚዜዎቹ ተደርድረዋል። የለም። 16:02፣ ባዶ ወንበሩ ታየ።

«ዋሽቶኝ ይሆን?» አለች ሜቲ፣ ለራሷ እንደምታወራ።

ማራኪ ቪዲዮውን ማስኬዷን ቀጠለች። 16:03 ላይ ካሜራው ወደ በሩ ዞረ። ሁንዴ አንድ ሳጥን ለስላሳ ተሸክሞ፣ ላቡ እየተንጠባጠበ ገባ። በትክክለኛው ሰዓት ዘጠኝ ከሠላሳ ሦስት መሆኑ ነው። በሦስት ደቂቃ ከኮልፌ ሳንሱሲ የሚደርስ መኪና የለም። ሜቲ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች።

ፖሊስ ጣቢያ ሲደርሱ መርማሪው ገና ሳይቀመጡ ስለ ሰዓቱ ጠየቃቸው። ማራኪ ካሜራውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ልዩነቱን አሳየችው።

ሁንዴ በማግስቱ ተፈታ። ሜቲ አቅፋ ተቀበለችው፤ ዓይኑን ማየት ግን አቃታት።

«ምን ሆነሻል?» አላት።

«ጠርጥሬህ ነበር» አለችው።