የኋላው ሳንቃ

ጀልባ አዳሹ በሆዱ ተኝቶ፣ ራሱን ከጀልባዋ ጠርዝ ውጭ አንጠልጥሎ፣ አዲሱ ሞተር የታሰረባቸውን አራት ቡሎኖች አንድ በአንድ ያይ ነበር። ከታችኛው የግራ ቡሎን ሥር፣ ባለፈው ሳምንት ራሱ በቀባው ቀይ ቀለም ላይ፣ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ወጥታለች። ከስንጥቋ ሻይ የመሰለ ውሃ ይንጠባጠባል። በጣቱ ጠረገው፤ ተመልሶ መጣ። ሚስቱ ከመሪው ወንበር ላይ ሆና ምን እንዳየ ሁለት ጊዜ ጠየቀችው። ጣቱን ከስንጥቋ አላነሳም።

ገና አሁን ነበር በሙሉ ጉልበት ሁለት ዙር ነድተው የተመለሱት። ጀልባዋ የሠላሳ አምስት ዓመት አሮጊት ብትሆንም ውሃውን እንደ ኮረዳ ነበር የዘለለችው። በዘመኗ ውድድር ያሸነፈች ናት። ባለቤቷ የጥርስ ሐኪም ነው፤ ልጅ ሳለ ከዳር ቆሞ አይቷት ልቡን ሰጥቷት ኖሮ፣ ዶሮ ሲፈለፈልባት ከኖረችበት ጎተራ አግኝቶ ሳይከራከር ገዛት። ሚስቴን ለማግባት እንኳ ይህን ያህል አልተጣደፍኩም ይላል። ጀልባ አዳሹ አሥር ወር ሙሉ ወገቤን ሳይል ሠራት። ወንበሮቿን ሚስቱ ሰፋች። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሐኪሙ ሁለት ሴት ልጆቹን ይዞ ሊረከባት ይመጣል።

በተጎታች ጎትተው ወደ ሥራ ቤቱ መለሷት። ጀልባ አዳሹ ትንሿን መዶሻ አንስቶ ሞተሩ የተንጠለጠለበትን የኋላውን ሳንቃ መታ መታ ያደርግ ጀመር። የዚህች ጀልባ ሳንቃ ከውጭ ፋይበር ነው፤ ከውስጥ ግን ኮምፔርሳቶ ነው፤ እንጨቱ ከበሰበሰ ከውጭ ምንም አይታይም። ሌሎች ጠጋኞች አዲስ ሞተር ከመስቀላቸው በፊት በትራፓኖ በስተው ያያሉ። እሱ ይስቅባቸው ነበር። ጤነኛ ጀልባ አልበሳም፣ መዶሻዬ ይነግረኛል፣ እያለ አፉን ሞልቶ ሲናገር ነው የኖረው። ከዳር እስከ ዳር እየመቱ መሄድ ነው፤ ድምፁ ካልተለወጠ ሳንቃው ደህና ነው።

አሁንም አልተለወጠም። ከላይ መታ፣ ከታች መታ፤ ሁሉም አንድ ነው።

ሚስቱ ከስፌት መኪናዋ ተነስታ በቀኙ በኩል መጣች። በቀኝ ጆሮው የሚሻለው መሆኑን ቤት ውስጥ የቴሌቪዥኑ ጩኸት ካስመረራት ጀምሮ ታውቃለች።

"እሱ ደህና አይደለም" አለችው።

"የቱ?"

"አሁን የመታኸው። የላይኛው፣ ጠረጴዛ እንደ መምታት ነው። ይሄ ግን እርጥብ ካርቶን ነው።"

ደግሞ መታው። ጆሮውን አስጠግቶ መታው። ለእሱ ላይኛውም ታችኛውም ያው ነበር።

"ዛሬ ነው የሰማሽው?"

"ሞተሩ ሳይሰቀልም ሰምቼዋለሁ። ወንበሩን እየሰፋሁ ነበር።"

"እና ዝም አልሽ?"

"ሥራው ያንተ ነው። አንተ ደህና ነው ብለህ መዶሻህን ስታስቀምጥ፣ እኔ ምን ብዬ ልናገር? አውቆ ነው አልኩ።"

ተናደደ፤ ግን የሚናደድበት ሰው አጣ። እሷን እንዳይቆጣ፣ ለሦስት ዓመት የነገረችውን ሁሉ ሳይሰማ እሺ፣ እሺ እያለ ያለፈው እሱ ነው። ከጎረቤት አናጺው ትራፓኖ ተውሶ መጣና በጣም ቀጭኑን መብሻ ከስንጥቋ አጠገብ አስገባ። ፋይበሩ ትንሽ ታገለው፤ ከዚያ በኋላ መብሻው ቅቤ እንዳገኘ ጥልቅ አለ። ሲያወጣው የታኘከ የሚመስል ጥቁር እንጨት ተከትሎት ወጣ። አሮጌው ሞተር ቀላል ስለነበር ሳንቃው እንደ ምንም ችሎታል፤ አዲሱ ግን በአንድ ትልቅ ሰው ክብደት ይበልጠዋል። ሞተሩ መውረድ፣ ቀለሙ መፋቅ፣ ሳንቃው መቆረጥ አለበት። አሥር ወር ገደል ገባ።

ሐኪሙ ቀደም ብሎ መጣ። ልጆቹ የመንሳፈፊያ ጃኬታቸውን ከቤት ለብሰው ነበር የመጡት። ቀዳዳዋን አይቶ ፈገግታው ደረቀ።

"ምንድን ነው ጋሼ?"

ጀልባ አዳሹ የወጣውን እንጨት በመዳፉ ላይ አሳየው። ሐኪሙ ብዙ የበሰበሰ ነገር አይቶ የሚያውቅ ሰው ነውና ማስረዳት አላስፈለገም። እንዲያም ሆኖ ዓይኑ ልጆቹ ላይ ነበር።

"ዛሬን ብቻ፣ ቀስ ብለን ዳር ዳሩን ብንዞርስ?"

"አይሆንም ዶክተር። ሞተሩ ሳንቃውን ይዞ ነው የሚወርደው። ከወረደ በኋላ ውሃው እስኪገባ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።"

ትንሿ ልጅ እንደማይሄዱ ገብቷት ጃኬቷን ሳታወልቅ ማልቀስ ጀመረች። አባቷ ድምፁን ከፍ ላለማድረግ እየታገለ ይህን ያህል ጊዜ እንዴት ሳያዩት ቀሩ ሲል ጠየቀ።

"የሚታይ አይደለም፤ የሚሰማ ነው" አለ ጀልባ አዳሹ። በመዳፉ የያዘውን እንጨት ጣለና፣ "እኔ ደግሞ አልሰማም" አለ።

ይህን ቃል ለሰው ሲናገር የመጀመሪያው ነበር። ሐኪሙ የሚያውቀው ጥሩ የጆሮ ሐኪም እንዳለ ነገረው። ሄጄ ነበር፣ አለ ጀልባ አዳሹ፤ የሞተር ጩኸት የበላው ጆሮ እንደማይመለስ፣ መሣሪያ ቢገዛ ለወሬ እንጂ ለመዶሻው እንደማይጠቅመው ተነግሮታል። ሚስቱ መሄዱን እንኳ አታውቅም ነበር። ቀና ብላ አየችውና መልሳ አቀረቀረች።

ሐኪሙ የትንሿን ልጁን እጅ እንደያዘ ድንገት ቆም አለ።

"ከእኔ በፊት የሠሯቸውስ?"

ጀልባ አዳሹ ይህን ጥያቄ ሰማ። ባይሰማው ደስ ባለው። ጠዋት ከስንጥቋ ጀምሮ ስለዚች ስለ አንዷ ብቻ ነበር ሲያስብ የዋለው። በሦስት ዓመት ውስጥ በዚያችው መዶሻ መትቶ፣ ደህና ናት ብሎ፣ ከባድ ሞተር ሰቅሎ የሸኛቸው አምስት ናቸው። የአንዷ ባለቤት ጠላቂ ነው። የሌላዋ፣ ከነልጅ ልጆቹ የሚሄድ ጡረተኛ ነው። ዛሬ አየሩ ጥሩ ነው፤ ሁሉም ውሃ ላይ ሊሆኑ ይችላሉ። ከዚህ ሆኖ ምን ሊይዝላቸው፣ የቱን ሳንቃ በእጁ ደግፎ ሊያቆም ይችላል?

የከሰረ ስም የሚባለው ይኸው ነው። ለአምስቱ ባለቤቶች የሚደወለው እያንዳንዱ ስልክ የወደፊት ሥራውን ይዞ እንደሚሄድ ያውቃል፤ ቀዳዳዋን በስቱኮ ደፍኖ አፉን ቢዘጋ ደግሞ ማንም አያውቅበትም፣ አንዱ ሳንቃ አንድ ቀን እስኪወልቅ ድረስ። ሐኪሙ ልጆቹን ወደ መኪናው ወሰዳቸው።

ጀልባ አዳሹ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ የጠላቂውን ቁጥር ፈለገና ለሚስቱ ሰጣት።

"ከእሱ ጀምሪ፤ ሩቅ የሚወጣው እሱ ነው። እኔ መጥቼ እስክበሳው ጀልባዋን እንዳይነካ ንገሪው።"

"አንተ ብትነግረው አይሻልም?"

"የሚለኝን አልሰማውም።"

ጣቷን ቁጥሩ ላይ አድርጋ ትንሽ አመነታች። "ለምን ካለኝስ?"

"ባለቤቴ አይሰማም በይው። አልሰማም ሳይል ነው የሠራልህ በይው።"

ደወለች። እሱም ሰውየው ማንሳት አለማንሳቱን ከፊቷ ለማወቅ ትክክል ከፊት ለፊቷ ቆመ።