ማን ነው የማለው?

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? በእሷ ላይ ደግሞ የባሰው መጣ። የጠላችውም የመረጠችውም አንድ ሰው ሆነና ቁጭ አለ።

የቴሌቪዥን ጣቢያ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ናት። ዜና ሲነበብ ከስክሪኑ ጥግ፣ በትንሽ ክብ ውስጥ፣ ጥቁር ሸሚዝ ለብሳ እጆቿን የምታንቀሳቅሰው ሴትዮ ማለት ነው። የሚሰማው ሰው ጉዳዬም አይላት፤ «ይቺ ደግሞ ምን ትላለች?» ብሎ ያልፋታል። ለታላቅ ወንድሟና ለጓደኞቹ ግን ጣቢያው ማለት እሷ ናት። ወንድሟ አናጺ ነው፤ ከተወለደ ጀምሮ አይሰማም። ክፉና ደጉን ሳትለይ ቋንቋውን ያስተማራት እሱ ነው።

ዛሬ ረፋድ ላይ አዲሱ ፕሬዝዳንት ቃለ መሐላ ይፈጽማል።

ይኼ ሰው ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት የትምህርት ኃላፊ ነበር። አንድ ቀን መስማት ወደተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት መጣና በሩ ላይ ቆሞ ረጅም ንግግር አደረገ። በጀት የለም፣ በሦስት ወር ውስጥ ሌላ ይከፈታል አለ አሉ። ልጆቹ ንግግሩን ማን ይንገራቸው? እነሱ ያዩት እጁን ነው። የብረቱን በር በገዛ እጁ ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ሦስት ወሩ ይኸው ሃያ ሁለት ዓመት ሆነ። ወንድሟ ከአምስተኛ ክፍል እንደወጣ ቀረ።

እነሱ ደግሞ ሰው የሚጠሩት ባዩበት ነገር ነው። እሷ ጉንጯ ስርጉድ ስለሆነ ጣታቸውን ጉንጫቸው ላይ ያሳርፋሉ። ልብስ ሰፊው ጓደኛቸው «መቀስ» ነው፤ በሁለት ጣት ይቆርጡታል። ለኃላፊው ያወጡለት ምልክት መዳፍ ላይ ቁልፍ ማዞር ሆነ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ታዲያ ለምን መረጠችው? እስቲ ተዋት! የቀድሞውን ፕሬዝዳንት እኮ አታንሱብኝ፤ በእሱ ጊዜ ሰው ጎረቤቱን ደህና ዋልህ ለማለት ግራና ቀኝ ያይ ነበር። ዜና ሁሉ በምልክት ይተርጎም ብሎ ያዘዘውም ይኸው ባለቁልፉ ነው፤ ሌላ ወንበር ላይ በተቀመጠ ጊዜ። ሥራዋን ያገኘችው በእሱ ፊርማ ነው ማለት ይቻላል። በምርጫው ሰሞን «የተዘጋው ሁሉ ይከፈታል» ሲል አልቅሳለች፣ ከልቧ። ለወንድሟ ብትነግረው በጥርሱ የያዘውን ምስማር አውጥቶ «የዘጋው የእኛን በር፣ የከፈተው የአንቺን» አላትና ወደ መዶሻው ተመለሰ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለት ልብ ሆናለች።

ጠዋት ልትወጣ ስትል ወርክሾፑ በር ላይ ያዛት።

«ዛሬ አሥራ ሁለት ሆነን እዚህ ነን» አላት። «መሐላው ላይ ስሙን ሲጠራ፣ እኛ በምናውቀው ስሙ ጥሪው።»

«እሺ ወንድምጋሼ» አለች። እሺ ማለት ቀላል ነው።

ጣቢያው ስትደርስ የፕሮግራም ኃላፊው ደረጃው ላይ ሲጠብቃት አገኘችው። ሠራተኛው እሱ በሌለበት «አይዞሽ» ይለዋል፤ መዓት ሊያወርድ ሲል በዚህ ቃል ነው የሚጀምረው።

«አይዞሽ የኔ እህት፣ ቀላል ነገር ናት» አላት። እሷም ክው አለች። «ለእሳቸው የሚሆን ምልክት ከላይ ተልኮልናል። ቀኝ እጅ ደረት ላይ፣ አንገት ትንሽ ሰበር። በቃ።»

«ማን አወጣው?»

«ፕሮቶኮል።»

«ፕሮቶኮል ውስጥ መስማት የተሳነው ሰው አለ እንዴ?»

«አንቺ ደግሞ ነገር ትወጃለሽ!» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ያቺን የቁልፏን ነገር ሰው ነግሯቸዋል። ዛሬ ከታየች ነገ አንቺም የለሽ፣ እኔም የለሁ። ሦስት ልጆች አሉኝ።»

«ስማቸውን በጣት ፊደል ልጻፈውስ?»

«ደረት ተብሏል፣ ደረት ነው።»

በፊደል ብትጽፈውስ ማን ሊያነበው? በሩ ሲዘጋ ግማሾቹ ገና ፊደል አልጨረሱም ነበር። ደረቷን ብትነካ ደግሞ ወንድሟን ምን ብላ ታየዋለች? ቁልፉን ብታዞርስ? የእንጨት ሥራ ከቀዘቀዘ ዓመት አልፎታል፤ የወንድሟም የእሷም ቤት የቆመው በእሷ ደመወዝ ነው። መብራቱ በራ፣ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ሰኩላት።

በስክሪኑ ሰውዬው ቀኝ እጁን አነሳ። «እኔ» አለና ሙሉ ስሙን ከነአባቱ ከነአያቱ ጠራ።

እጆቿ ተነሱ። ደረቷ ጋ አልደረሱም፣ መዳፏም ላይ አላረፉም። አየር ላይ ቆሙ። ሦስት ሰከንድ ቢሆን ነው። «...ሕዝቤን በታማኝነት ላገለግል፣ ማንም ዜጋ በተናገረው ቃል እንዳይጠቃ ልጠብቅ» ሲል ተከተለችው። ይቺን ቃል ወደደቻት። ምናለ እውነቱን በሆነ አለች በሆዷ።

ሲያልቅ የፕሮግራም ኃላፊው ሮጦ መጣ። «እግዜር ይስጥሽ! ደረትም አይደል፣ ቁልፍም አይደል! ማን ያውቅብሻል? ብልጥ ነሽ እኮ!»

በሁለት ቢላዋ መብላት እንደሆነ ታውቃለች። ግን እፎይ ማለቷ አልቀረም፤ ያሳፈራትም ይኸው እፎይታዋ ነው።

ወርክሾፑ ስትገባ አሥራ ሁለቱ ጣውላ ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል። ቴሌቪዥኑ ሰልፉን ያሳያል። እነዚያ አርፈው የማያውቁ እጆች ሁሉ ጉልበት ላይ ተኝተዋል።

«እጄ ደነገጠብኝ» አለቻቸው። «ስድብ መሰለኝ። በእንደዚህ ያለ ቀን ሰውን መስደብ...»

«ማን ስድብ አለሽ?» ወንድሟ ብድግ አለ። «እኛ ዘንድ ሌላ ስም የለውም። አንድ ሰው ሲምል አየን። ማን ነው የማለው? ነገ ቃሉን ቢበላ ማንን እንያዝ? ለሚሰሙት ማለ። ለእኛ አልማለም።»

«አንተ እኮ ትጠላዋለህ!»

«እጠላዋለሁ። ለዚህ ነው እንዲምልልኝ የፈለግኩት። የምወደው ቢሆን መሐላ ምን ያደርግልኛል?»

ተስፋ ያደረገችው እሷ ብቻ መስላት ነበር፤ እሱ ቂሙን ይዞ እንዲህ ሲጠብቅ ኖሯል። አፈረች። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ቦርሳዋን አስቀምጣ ስክሪኑ ፊት ቆመች። መሐላውን ሳምንት ሙሉ ስትለማመደው ስለከረመች በቃሏ ታውቀዋለች። «እኔ» አለች። ግራ መዳፏን ዘረጋች፣ ቁልፉን ቀስ አድርጋ አዞረች። አንዲት ሴትዮ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች። መቀስ ስልኩን አውጥቶ መቅረጽ ጀመረ።

ወንድሟ አየውና ወደ እሷ ዞረ። «መቅረጹን ይተወው?»

በስልኩ የተቀረጸው ከመምሸቱ በፊት የት የት እንደሚደርስ ታውቃለች። የኃላፊው ሦስት ልጆች ትዝ አሏት፤ እነሱ ምን አደረጉ?

«ይቅረጸው» አለች። «መሐላ ያለ ምስክር አይሆንም።»

ከሥር ጀምራ ደገመችው። ታማኝነቱን፣ አገልግሎቱን፣ በተናገረው ማንም እንዳይጠቃ የሚለውንም፣ አንዲት ቃል ሳታስቀር። ስትጨርስ ወንድሟ ሰጋቱራውን በክንዱ ጠርጎ አግዳሚው ላይ አስቀመጣት።

መቀስ አውራ ጣቱን አነሳ፤ ልኮታል።

«ካባረሩሽስ?» አላት ወንድሟ።

«ቃሉን ከጠበቀ አያባርሩኝም» አለችው።

ወንድሟ ጎኗ ተቀመጠ። «እንግዲህ» አላት፣ «ዛሬ ገና እኔም ልጸልይለት ነው።»