የሰባት ቁጥር አልጋ ስም

ሲስተር ሱናይና የበሽተኛ ወሬ አይዋጥላትም። አሥራ አንድ ዓመት በወንዶች ክፍል ነርስ ሆኖ የሠራ ሰው ቢዋጥለት ነበር የሚገርመው። «ኪኒኑን ውጫለሁ» ያለው ትራሱ ሥር ይወትፈዋል፤ «ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም» ያለው ኦፕራሲዮን ሊገባ ሲል ሩዙን ያስመልሰዋል፤ አስታማሚው ሁሉ ደግሞ የአንድ ባለሥልጣን የአክስት ልጅ ነው። ለአንድ ነርስ ሠላሳ አራት በሽተኛ፣ ሠላሳ አራቱም ከነውሸታቸው።

ዛሬ ያላማራት ሰባት ቁጥር ነው።

ጠዋት በሪክሾ ጭነው ያመጡት ዓሣ አጥማጅ ነው። ኩሬ ውስጥ የወጋው ነገር እግሩን እስከ ጉልበቱ ነፍቶታል፤ በትኩሳት ይቃዣል እንጂ የሚጨበጥ ነገር አይናገርም። አብረውት ያሉት ሚስቱ ራምፓሪና «የአጎቱ ልጅ ነኝ» ያለ አንድ ቀጭን ሰውዬ ናቸው። የጤና መድን ካርዱ «ማንጋል ሙኪያ» ይላል። ፎቶግራፉ ከመታሸት ብዛት የማንም ፊት ሊሆን ይችላል።

ዶክተር ላምሳል ከዋናው ከተማ ከመጣ ገና ሦስት ወሩ ነው። በካርዱ ቁጥር የድሮውን ፋይል አስወጥቶ ሲያገላብጥ ፊቱ በራ።

«ይኸው! አምና ፔኒሲሊን ወስዷል፤ ምንም አልሆነም። የቆዳ ምርመራ ምናምን እያልሽ ጊዜ አታጥፊ፣ እግሩ አይጠብቀንም። ቀጥታ ስጪው።»

«እሺ ዶክተር» አለች ሱናይና። እሺ ያለው አፏ ብቻ ነው።

መድኃኒቱን በጥብጣ በመርፌ ሳበችና ሰባት ቁጥር ጋ ቆመች። ከመውጋት በፊት ስም መጠየቅ ደንብ ነው።

«የባልሽ ስም ማን ነው?»

ራምፓሪ የሳሪዋን ጫፍ እስከ አፍንጫዋ ሳበች። ዝም።

«ማንጋል! ማንጋል ሙኪያ!» አለ የአጎት ልጅ ነኝ ባዩ።

«አንተን ማን ጠየቀህ?»

«እንዴ ሲስተር! የባሏን ስም ትጥራ ነው የምትይው? የዚህ አገር ልጅ አይደለሽም እንዴ?»

ስምንት ቁጥር ላይ የተኛው፣ የሐሞት ጠጠር የወጣለት ሽማግሌ፣ ስፌቱን በእጁ ደግፎ ሳቀ። «ባል ከየት አምጥታ ታውቀዋለች!»

«የእርስዎን ሚስት በየቀኑ አያለሁ አባባ። ከማግባት የሚያስጥል እሱ ይበቃኛል።»

ሱናይና የዚያው አገር ልጅ ናት። በነሱ ዘንድ ሚስት የባሏን ስም አትጠራም፤ ከጠራች ዕድሜው ያጥራል። የባሏን ታላቅ ወንድም ስምም አትጠራም፤ የታናሹን ግን እንደፈለገች ትጠራለች። የገዛ እናቷ አባቷን «የሱናይና አባት» እንዳለች ነው ያረጀችው። ስለዚህ ዝምታው ጥፋት የለበትም። ጥፋት ባይኖርበትም ግን ለሚደብቅ ሰው ከዚህ የተሻለ መሸሸጊያ ከየት ይመጣል? ይህ ቀጭን ሰውዬስ ከሴትዮዋ አፍ ቀድሞ የሚመልሰው ለምንድን ነው? ካርዱን እጇ ላይ ባየ ቁጥር ምራቁን የሚውጠውስ?

መርፌውን ትሪው ላይ አጋደመችው።

«ጓንት አልቆብናል። ሂድና ከውጭ ገዝተህ አምጣ» አለችው። ጓንቱ በእርግጥ ካለቀ ሦስተኛ ቀኑ ነው።

ሰውዬው ወደ ኋላው እየተገላመጠ ወጣ። ሱናይና ፋይሉን ጭኗ ላይ ዘርግታ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«ትኩሳቱ መቼ ነው የጀመረው?»

«በማንጋል ዕለት» አለች ራምፓሪ።

የሱናይና እስክሪብቶ ቆመ። ማንጋል በአገሩ አፍ ማክሰኞ ነው፤ ማክሰኞ የተወለደውንም ማንጋል ይሉታል። ባሏ ማንጋል የሆነ ሴት ማክሰኞን በስሙ አትጠራውም፤ «የሰኞ ማግስት» ብላ ትዞረዋለች። ይቺ ሴትዮ ግን ምላሷ ሳይደናቀፍ አለፈችው።

«እግሩስ መቼ አበጠ?»

«የማንጋል ማግስት።»

«ቀኑ ስም የለውም?»

«የማንጋል ማግስት ነዋ!» ራምፓሪ ድንገት ገባት። የሳሪዋ ጫፍ ከእጇ አመለጠ።

የማንጋል ማግስት፣ ረቡዕ፣ በነሱ አፍ ቡድ ነው፤ ረቡዕ የተወለደውንም ቡድሃን ይሉታል።

«ባልሽ ቡድሃን ነው» አለች ሱናይና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ስሙን እንዲህ እንደልብሽ የጠራሽው ማንጋል ታናሽ ወንድሙ ነው። ጓንት ሊገዛ የወጣው።»

«ያባርሩናል? እኛ ካርድ የለንም... ዋርሳዬ ነው እንዲህ እናድርግ ያለው።»

«ካርዱን ተዪው አሁን። ይህ መርፌ የታዘዘው በዋርሳሽ ፋይል ነው። ባልሽን መርፌ አሞት ያውቃል?»

ራምፓሪ ትሪውን አየች። «አራት ዓመት ይሆነዋል። ለጉሮሮው ጤና ጣቢያ ወጉት። ፊቱ ዱባ አከለ፣ ትንፋሽ አጥሮት ወደቀ። አልቅሰንለት ነበር እኮ!»

«ምን ነበር የወጉት?»

«ነጭ ዱቄት። በውሃ በጥብጠው። እንደዚያ...» ጣቷን ትሪው ላይ ወዳለው ባዶ የመድኃኒት ጠርሙስ ቀሰረች።

ሱናይና መርፌውን አንስታ መድኃኒቱን ቆሻሻ መድፊያው ውስጥ እስከ መጨረሻው ገፋችው።

ማንጋል ጓንቱን ይዞ ሲገባ የሁለቱን ፊት አየና ገባው። «ምን ነገርሻት?» ብሎ በወንድሙ ሚስት ላይ ጮኸ። ከዚያ ወደ ሱናይና ዞረ። «ካርዱም የኔ፣ ወንድሙም የኔ! አንቺ ምን አገባሽ?»

«እግሩም ያንተ ነው? እንግዲያው አልጋው ላይ ውጣና ተኛ፣ አንተን ልውጋህ።»

ስምንት ቁጥር ሊስቅ ጀምሮ ስፌቱ ከለከለው። በጩኸቱ ዶክተር ላምሳል መጣ።

«እስካሁን አልሰጠሽውም?»

«ፋይሉ የሌላ ሰው ነው ዶክተር።»

«ማን አለ?»

«ማክሰኞ።»

«ሲስተር፣ ቀልድ የምሰማበት ጊዜ የለኝም።»

«እኔም የለኝም። እሷን ይስሟት።» ራምፓሪን በክንዷ ይዛ ፊቱ አቆመቻት። ራምፓሪ ዱባውንም፣ ትንፋሹንም፣ ነጩን ዱቄትም ደገመችው። ዶክተሩ መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። ከዚያ ትእዛዙን ሰርዞ ሌላ መድኃኒት ጻፈ። ይቅርታ አላለም፤ እሷም አልጠበቀችም።

ማንጋል ካርዱን ኪሱ ከትቶ፣ በወንድሙ ስም አዲስ ፋይል ሊያስወጣ ወደ ካርድ ክፍል እያጉረመረመ ሄደ። በሩ ላይ ቆም ብሎ «በዚህኛው መድኃኒት ቢሞት ባንቺ ነው!» አላት።

ሱናይና አዲሱን መድኃኒት ሰጥታ ቀኑን ሙሉ ሰባት ቁጥር ጋ ስትመላለስ ዋለች። ትኩሳቱን ለካች፣ ደረቱን ገልጣ ሽፍታ ፈለገች፣ ከንፈሩን አየች። አሥራ ስድስት ቁጥር «ግሉኮሴ አልቋል!» እያለ ሲጮህ፣ ሃያ ሦስት ቁጥር ሽንት ቤት የሚደግፈው አጥቶ ሲሰድባት፣ ዓይኗ አንድ አልጋ ላይ ነበር።

ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ሰውዬው ግንባሩ ላብ አወጣና ዓይኑን ገለጠ። ዙሪያውን ቃኘ። ነጭ ልብስ ለብሳ የቆመችውን ሲያይ ደነገጠ።

«ስምህ ማን ነው?» አለችው፣ ደንቡ ነውና።

ሪክሾው ላይ ያስጠኑትን በደረቀ ጉሮሮው እንደ ተማሪ አነበነበው። «ማንጋል። ማንጋል ሙኪያ። አምናም እዚሁ ታክሜያለሁ።»

«ተው አንተ ሰውዬ!» ራምፓሪ አፏን በሳሪዋ ይዛ፣ ትስቅ ታለቅስ አይታወቅም፣ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። «ታውቋል!»

ሱናይና አንዲት ቁራጭ ፕላስተር ቀድዳ «ቡድሃን» ብላ በወፍራም ቀለም ጻፈችበት፤ ከሥሩም «ፔኒሲሊን ክልክል» አለችና የእጁ አንጓ ላይ ሁለት ዙር ጠመጠመችው።

«ይህን የነካ እጅ፣ የራስህም ቢሆን፣ እቆርጠዋለሁ» አለችው።