ኮፍያ ያደረገችው ፊደል

የባለቤቴ የጎሳዬ ከባድ መኪና ግንባር ላይ «ኹሉም ለበጎ ነው» ተብሎ ተጽፏል። ሾፌር ጓደኞቹ «እንደ ሰው ሁሉም ብለህ ብትጽፍ ምን አለበት?» እያሉ ይተርቡታል። እሱ ደግሞ የቆሎ ተማሪ ሆኖ ስላደገ ይነዘንዛቸዋል፦ በግዕዝ «ኵሉ» ነው፤ የድሮ ሰዎች በአማርኛ «ኹሉ» ብለው ጻፉት፤ «ሁሉ» የኋላ ሰው ስንፍና ነው። እኔም ንዝንዙ ሲሰለቸኝ «ምሳህን ብላ» እለዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት መኪናውን ያደሰው ቀለም ቀቢ፣ ስህተት መስሎት ጽሑፉን በነፃ አረመለት። እኔ ይህን ሳላውቅ ከምንኖርበት ሰፈር ከካርቲየ 4 ምሳውን ይዤ ሄድኩ። ወደብ ለመግባት የተሰለፉት መኪኖች ሁሉ ነጭ ናቸው። በዚያ ሙቀት ከዳር እስከ ዳር ተመላለስኩ። ጎሳዬ ጋቢናው ውስጥ ሆኖ ይስቃል።

«ስርጉት፣ አጠገቤ እኮ ነው የምታልፊው» አለኝ።

ምሳውን ሰጥቼው በቀጥታ ቀለም ቀቢው ጋ ሄድኩ።

«ፊደሏን መልሳት» አልኩት።

«እትዬ፣ ትክክለኛው እኮ የአሁኑ ነው።»

«እኔ ማንበብ አልችልም። የማውቀው ኮፍያ አድርጋ እጇን ወደ ጎን የምትዘረጋልኝን ፊደል ነው። ባሌ ያለው እሷ ጋ ነው።»