ሪገር ስልክ አያነሳም

አስናቀው ሞጣ ላይ ሪገር ነው። ሪገር ደግሞ ምንድን ነው? ሊያገባት የሚፈልጋት የሰገነት አባት፣ የቢቸናው መሪጌታ ሣህለ ማርያም፣ ባለፈው የአስናቀውን ሽማግሌዎች አስቀምጠው የጠየቁት ይኼንኑ ነበር። ሽማግሌዎቹም አያውቁትም ነበር። «ልጄን ሥራውን ለማላውቀው ሰው አልሰጥም» አሉና አንድ ቀጠሮ ጨመሩላቸው። ከቀጠሮው በማግስቱ ደግሞ ሌላ ጠያቂ፣ አንድ የባንክ ሠራተኛ፣ ሽማግሌ ይልካል። የባንክ ሠራተኛን ማን አያውቀውም!

ዋናው ሽማግሌ አጎቱ ጋሼ አምላኩ ናቸው። አስናቀው ቁጭ አድርጎ አስረዳቸው። ክሬን ከባድ ዕቃ ሲያነሳ ዕቃውን በገመድና በሰንሰለት አስሮ፣ ለኦፕሬተሩ በእጁ ምልክት የሚሰጠው ሪገር ይባላል። ስሙ የመጣው ከመርከብ ሰዎች ነው፤ ድሮ ሪገር የሚባሉት የመርከቡን ሸራና ገመድ የሚያስሩት ነበሩ። የቃሉ ሥርም ከሰሜን አውሮፓ ነው፣ «ማሰር» ማለት ነው ይባላል።

«መርከብ?» አሉ ጋሼ አምላኩ። «አንተ ልጅ፣ መሪጌታ ፊት መርከብ ብዬ ልቅለልልህ? ስንደርስ እደውልልሃለሁ፣ ድምፁን ከፍ አደርገዋለሁ፣ አንተው በአፍህ ንገራቸው።»

«እሺ ጋሼ፣ ስልኩን ከአጠገቤ አልለየውም።»

አልለየውምስ አልለየውም። ግን ምን ያደርጋል! በቀጠሮው ቀን ክሬኑ ከሰዓት ደጀን ከተማ ይፈለጋል ተባለና፣ ያኔ ሕንፃው ጣሪያ ላይ ሊሰቀል የነበረው የብረት የውሃ ታንከር ሽማግሌዎቹ ለተቀጠሩበት ለጠዋት ተዛወረ። አስናቀው ታንከሩን አሰረ፤ ሰው እንዳይጠጋ ዙሪያውን አጠረ፤ አስነሳ። አራተኛው ፎቅ ጣሪያ ጋ ሲደርስ ነፋስ መጣ። ጣሪያው ላይ ሊቀበሉት የቆሙት ሁለት ሠራተኞች ጥግ ያዙ፤ ከዚያ ወዲያ መሸሻ የላቸውም። ኦፕሬተሩ እነሱን አያይም፤ የሚያየው የአስናቀውን እጅ ነው። አስናቀው ቀኝ ጡጫውን ወደ ላይ አነሳ፤ ቁም ማለቱ ነው። በግራው ታንከሩ እንዳይዞር የታሰረበትን ገመድ ጨምድዶ ያዘ።

ስልኩ ጠራ።

ጡጫውን ቢያወርድ ኦፕሬተሩ አውርድ የተባለ ይመስለዋል። ገመዱን ቢለቅ ታንከሩ ዞሮ ሰዎቹን ይመታል። «ኧረ የሰው ያለህ፣ ስልኬን አንሱልኝ!» ብሎ ጮኸ። የክሬኑ ሞተር ዋጠው። ደግሞስ ማን ይምጣ? አትጠጉ ብሎ ያጠረው ራሱ! ስልኩ ዝም አለ። እንደገና ጠራ፤ ዝም አለ። «እመቤቴ፣ ይኼን ነፋስ ያዢልኝ» አለ። ዓይኑን ከታንከሩ ሳይነቅል እንባው ወረደ። ስልኩ ለሦስተኛ ጊዜ ጠራ፤ ይኼኛው ብዙ ቆየ።

ነፋሱ ረጋ፣ ታንከሩም በደህና ተቀመጠ። ሠራተኞቹ ከላይ «አስኔ፣ ኑርልን!» አሉት። እሱ ግን ለጋሼ አምላኩ እየደወለ ነበር።

«አሁን ምን ይፈይዳል?» አሉ ጋሼ። «ሁለቴ ደወልኩ እኮ! መሪጌታም ‹ለመሆኑ ምን ይዞት ነው የማያነሳው?› አሉኝ። ምን ልበል? አላውቅም አልኩ። በቃ፣ አይሆንም ብለው ሸኙን።»

«ታንከር ይዤ ነው ጋሼ። ሰዎች አጠገቡ ነበሩ። ሥራዬ እሱ ነው እኮ።»

«እህ… እንዲህ ብትላቸውማ ይገባቸው ነበር» አሉ ጋሼ አምላኩ።

አስናቀው ስልኩን ዘጋ። ሁለቴ ነው ያሉት? የጠራው ግን ሦስቴ ነው። ቁጥሮቹን አየ። ሦስተኛው የሰገነት ነበር፤ አባቷ ሽማግሌዎቹን ሳይሸኙ፣ «አንሳላቸው» ልትለው ከጓዳ ሆና ደውላለት ነበር።

መልሶ ደወለላት። ስልኳ ተዘግቷል።