አምስተኛው ምርኮኛ

ቪዲዮው መንደራችን የገባው ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነው። እኛ ከሸንዲ ከተማ በታች፣ ዓባይ ዳር ነን፤ ከጦርነቱ ወዲህ ስልክ ከሚሠራበት ቀን የማይሠራበት ይበዛል። ክፉ ወሬ ግን መንገድ ጠፍቶት አያውቅም። ባለሱቁ ኡስማን ጣሪያው ላይ የሳተላይት ኢንተርኔት ተክሏልና መጀመሪያ ያየው እሱ ነው። ቀጥሎ ስኳር ልትገዛ የሄደች ሴት ሁሉ አየች። እኔ ቤቴ ስኳር ሞልቷል፤ ቢሆንም ሄድኩ።

አንድ ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ነው። አምስት ምርኮኛ ወታደሮች የፊጥኝ ታስረው አሸዋ ላይ ተንበርክከዋል። ሦስቱን አናውቃቸውም። አራተኛው የጎረቤቴ የሲተና ወንድም ታጅ አልሲር ነው። አምስተኛው የሌላዋ ጎረቤቴ የበቱል ልጅ ሙደሲር። ፊታቸው አብጦ ስለነበር ሙደሲርን በጆሮው ነው የለየሁት፤ ጆሮው ከሕፃንነቱ ጀምሮ የድስት እጀታ ይመስላል። ስልኩን ይዞ የሚቀርጸው ማራኪ ይስቃል። ጅራፍ የያዘው ደግሞ ተራ በተራ እየዞረ፣ «እንደ አህያ አናፋ!» ይላል።

ታጅ አልሲር ዘንድ ሲደርስ ጅራፉ ሰባት ጊዜ አረፈ። ቆጠርን። ልጁ ዓይኑን አላርገበገበም። ደም የያዘ ምራቁን ተፋና፣ «እኔ የሲተና ወንድም ነኝ!» አለ።

በእኛ ዘንድ ወንድ ልጅ ቁርጥ ቀን ሲመጣበት የአባቱን ስም አይጠራም፤ የእህቱን ነው። ሰርግ ላይ ጎረምሳው ሸሚዙን አውልቆ ለሙሽራው ጅራፍ ጀርባውን ይሰጣል፤ ካልተነቃነቀ እልል ይባልለታል፤ ከተነቃነቀ ደግሞ እስኪያረጅ ይሳቅበታል። ታጅ አልሲር ያልቆመበት ሰርግ የለም፤ አንዳንዱ ላይ እንዲያውም ሳይጠሩት ነው የቆመው። ሙደሲር ግን አንዴ ብቻ ሞከረ። ጅራፉ ገና አየር ላይ ሳለ ዘሎ ሸሸ፤ «ዓይኔ ውስጥ ትንኝ ገብታብኝ ነው» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መንደሩ «ትንኙ» ይለዋል። ስሙን ያወጣችለት ዳርሰላም ናት የሚሉ አሉ። ዳርሰላም እኔ ነኝ። አልዋሽም፣ አውጥቼለታለሁ።

ቪዲዮው ላይ ትንኝ አልነበረችም። ጅራፉ ሁለት ጊዜ ሲያርፍበት ሙደሲር፣ «እማዬ! እማዬ!» ብሎ አለቀሰ። ከዚያ አናፋ። ልክ እንዳሉት፣ እንደ አህያ አናፋ። ኡስማን እዚህ ላይ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ደፋው፤ ሁላችንም ስለ ስኳር ማውራት ጀመርን።

የሲተና፣ የኔና የበቱል ግቢ ጎን ለጎን ነው፤ መሀል ያለሁት እኔ ነኝ። በሁለቱም በኩል አጥሬ ላይ ነፋጅ አለ፤ ሴት ወደ መንገድ ሳትወጣ ጎረቤት የምትሻገርበት ትንሽ በር። በአንዱ ሲተና ጨው ልትለምን ትገባለች፤ በሌላው በቱል ወንፊቴን ልትወስድ። ወንፊቱ የማን እንደሆነ ከረሳነው ዘጠኝ ዓመት ሆኖናል። ያን ቀን ከሰዓት በሲተና በኩል ያለው ነፋጅ በእግር ተበረገደ። በበቱል በኩል ያለው ከወዲያ ተቀርቅሮ ነበር።

ሲተና ዐንገረቤ፣ የጠፍር አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ጠፍሩ ሲጢጥ አለ። ታጅ አልሲርን እናታቸው ከሞተች በኋላ ያሳደገችው እሷ ናት። ያለቀሰች አትመስልም።

«አክስቴ ዳርሰላም፣ ዓርብ የመንደሩ ክበብ ውስጥ በትልቁ ቴሌቪዥን ይታያል። መንደሩ በሙሉ ያየዋል።»

«ምኑን?»

«ምኑን ትይኛለሽ? አራት ጊዜ አይተሽዋል አሉ።»

«ሦስት» አልኩ። «ሲተና ልጄ፣ እነሱ የቀረጹት እኮ እኛ እንድናይላቸው ነው። ጠላት በደገሰው ድግስ ሄደሽ ልትበይ ነው?»

«ጅራፉ የነሱ ነው። ዓይኑ ግን የኔ ነው። አንገት ሊያስደፉን ቀረጹት፤ እኔ ቀና ብዬ ካየሁት ምን ቀራቸው? ወንድሜ ስሜን የጠራው ጓዳ እንድደብቀው ነው? ጠራኝ እኮ! ስጠራ አቤት አልልም?»

እኔ የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ሰባተኛን ባሌ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ወሰደብኝ። ክርክር የሚያስተምሩት ሰባተኛ ላይ ሳይሆን አይቀርም።

«በቱልስ?» አልኩ በመጨረሻ።

ሲተና ድምጿን ዝቅ አደረገች። ከአጥሩ ማዶ የበቱል ፍየል ትጮሃለች። «እሷ ገና አልሰማችም መሰለኝ። ትንኙ... ሙደሲር እንደዚያ ሲሆን ሰው በተሰበሰበበት እንድታይ አልፈልግም። ግን በሱ ምክንያት ወንድሜ ይደበቅ?»

«እንግዲያው ሙደሲር ያለበት ይቆረጥ!» አልኩ። «ኡስማን መቁረጥ ይችልበታል። ከልጁ ሰርግ ቪዲዮ ላይ አማቱን ከነጉትቻዋ ቆርጦ አውጥቷት የለ?»

ሲተና ሳቀች፤ ቪዲዮው ከመጣ ወዲህ መጀመሪያ የሳቀችው ያኔ ነው። ሐሳቡ የኔ ነበር። ደግ ነገር የሠራሁ መስሎኝ እስኪመሽ ደስ ሲለኝ ዋለ።

ለመንደሩ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ለሐጅ ባቢክር ነገርናቸው። መካ የሄዱት አባታቸው ናቸው፤ እሳቸው ማዕረጉን ከእርሻው ጋር ነው የወረሱት። ጢማቸውን እየዳሰሱ ሰሙንና፣ «ይበል» አሉ። «ቅዳሜ ለምርኮኛ ልውውጥ ስም የሚመዘግቡ ሰዎች ሸንዲ ይመጣሉ። ልጁ በሕይወት መኖሩን የሚያሳይ ማስረጃ ይፈልጋሉ። ያንኑ የተቆረጠውን ይዤላቸው እሄዳለሁ፤ የሚያኮራውን።»

«የሙደሲር ማስረጃስ?» አልኩ።

«እሱን በቃሌ እነግራቸዋለሁ።»

ሐጅ ባቢክር በቃላቸው የሚናገሩት ነገር እንኳን ሸንዲ የመንደሩ መስጊድ ደርሶ አያውቅም። ይህን አውቃለሁ። እያወቅሁ ቤቴ ገባሁ።

ዓርብ ከዐስር ሶላት በኋላ ክበቡ ሞላ። የቀኑ ብርሃን ቴሌቪዥኑን እንዳያሳውረው መስኮቶቹ በብርድ ልብስ ተሸፈኑ፤ በግንቦት ሙቀት ሁለት መቶ ሰው አብሮ ተቀቀለ። ወንዶች በቀኝ፣ ሴቶች በግራ ሆንን። ሲተና ፊተኛው ረድፍ ላይ ናት፤ ቀዩን የሰርጓን ቶብ ተከናንባለች። የሐዘን ልብስ ለብሳ ትመጣለች ብለው የጠበቁ ሴቶች እርስ በርስ ተጎሻሸሙ።

ኡስማን ከፈተው። ስልክ ላይ ትንሽ የነበረው አሸዋ ግድግዳውን ሞላ። ጅራፉ ሲጮህ ሰው ሁሉ ቆጠረ። በሰባተኛው ወንዶቹ እጃቸውን ወደ ላይ ሰቅለው ጣታቸውን አስጮኹ፤ ልክ ሰርግ ላይ እንደሚያደርጉት። «እኔ የሲተና ወንድም ነኝ!» አለ ታጅ አልሲር ከግድግዳው ላይ።

ሲተና ተነሣች። «አቤት!» ብላ ጮኸች። «አቤት፣ የናቴ ልጅ!» የሴቶቹ እልልታ ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ።

ከዚያ ቴሌቪዥኑ ጠቆረ። ኡስማን የቆረጠው እዚያ ላይ ነው። ወጉን ለመጀመር ጉሮሯችንን ስንጠርግ ከበሩ በኩል፣ «ልጄስ?» የሚል ድምፅ መጣ።

በቱል ናት። አጭር ሴት ናት፤ ድምጿ ግን ፍየል ስትጣራ የኖረች ሴት ድምፅ ነው። ሰው ሳታዘው መንገድ ለቀቀላት፤ ገብታ መሀል ቆመች።

«እዚያ ላይ አምስት ነበሩ» አለች። «ማራኪዎቹ እንኳን አምስት ብለው ነው የላኩት። እናንተ አራት አደረጋችኋቸው። አምስተኛውን ማን ገደለው?»

ሐጅ ባቢክር ከወንበራቸው ግማሽ ተነሡ። «በቱል እህቴ፣ ለአንቺው ክብር ብለን እኮ...»

«የኔ ክብር? ማክሰኞ ዕለት መንደሩ በሙሉ ስኳር ገዛ። ምን መጣ ብዬ እኔም ሄድኩ። ኡስማን ሶላት ላይ ነበር፤ ሚስቱ አሳየችኝ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ቀን ነፋጄን ዘግቼ ማን ያንኳኳል ብዬ ጠበቅሁ። ማንም አላንኳኳም።» ይህን ስትል ወደ ማን እንዳየች መናገር አያስፈልግም። «እንዲታይ የፈለጋችሁ እናንተ ናችሁ፤ እኔ አሳዩ አላልኩም። ግን ወይ ሁሉንም ደብቁ፣ ወይ ሁሉንም እዩ። ያላለቀሰውን አሳይቶ ያለቀሰውን መጣል የየት አገር ደግነት ነው? ቅዳሜ እነዚያ ሰዎች አራት ሲያዩ አራት ይጽፋሉ። የኔ ልጅ እዚያው ይቀራል። ኡስማን፣ ሙሉውን ክፈት።»

ኡስማን ወደ ሐጅ ባቢክር አየ። ሐጅ ባቢክር ወደ እኔ አዩ። እኔ ብርድ ልብሱን አየሁ፤ አንድ ጥግ ላይ ተቀድዷል።

«ክፈትላት፣ ያ ዘውል፣ አንተ ሰውዬ!» አለች ሲተና። «ምን ትጠብቃለህ? አማትህ መሰለችህ?»

ከፈተ። ያ አሸዋ ተመለሰ። የታጅ አልሲር ሰባት ጅራፍ አለፈ፤ በዚህኛው ጊዜ ጣቱን ያስጮኸ የለም። ስልኩ ወደ ጎን ዞሮ ሙደሲር ከነጆሮው መጣ። አንድ። ሁለት። «እማዬ! እማዬ!» ከዚያ ማናፋቱ። ከኋላ አንድ ጎረምሳ ሳቅ አመለጠውና መልሶ ነከሰው።

በቱል እልል አለች።

እኛ አገር እልልታ ለቆመ ነው። ለወደቀ እልል ያለች ሴት አላየሁም፤ እናቴም አላየች። ብቻዋን፣ በደረቅ ጉሮሮዋ፣ እጇን አፏ ላይ ሳታደርግ፣ ልጇ እያናፋ እልል አለች። ቪዲዮው አልቆ ማራኪው የሳቀው የመጨረሻ ሳቅ እንኳን በእልልታዋ ተዋጠ።

«ምነው አፋችሁ ተሰፋ?» አለችን ዞራ። «አንዱ እህቱን ጠራ፣ አንዱ እናቱን። ሁለቱም የጠሩት ቤታቸውን ነው። እህት አቤት ስትል እናት ዝም ትበል? ልጄ አለቀሰ፤ አዎ፣ አናፋ። በሕይወት አለ! የሚያፍር ካለ የገረፈው ይፈር!»

ሲተና የቀዩን ቶብ ጫፍ ወደ ትከሻዋ ወረወረችና ከፊተኛው ረድፍ ወደ በቱል ሄደች። ጎኗ ቆማ እልል አለች። ቀጥሎ እኔ። የኔ እልልታ ጥሩ አይደለም፤ ባሌ የውሃ ፓምፕ ሊነሣ ሲል ይመስላል ይል ነበር። ግን ፓምፕ ከተነሣ በኋላ ውሃው አይቆምም፤ ሴቶቹ ሁሉ ተከተሉ። የሳቀው ጎረምሳ ጣቱን ሲያስጮህ አየሁት። አስጩህ፣ አልኩ በልቤ፤ ነገ ያንተ ተራ ነው።

ውጭ፣ ኒሙ ዛፍ ሥር፣ ሐጅ ባቢክር የስም ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉ። ጽሕፈታቸውን እሳቸውም አንዳንድ ቀን ብቻ ነው የሚያነቡት፤ ብዕሩን ለኔ ሰጡኝ። ኡስማን በቱል እያየችው የተቆረጠውን አጠፋ፤ ሙሉው ብቻ ቀረ።

«ሙደሲር በይ» አሉኝ ሐጅ ባቢክር። «ቀጥለሽ የአባቱን ስም...»

«መጀመሪያ የበቱል ልጅ በይ» አለች በቱል።

«ሴትዮ! ይህ እኮ ለመንግሥት የሚሄድ ወረቀት ነው። የእናት ስም ተጽፎበት አያውቅም!»

«የአባቱን ከሥር ጻፉት፤ አልጠላም። ሲገረፍ ግን አባቱን አልጠራም።»

ጻፍኩ። ሲተና በትከሻዬ ላይ አጎንብሳ አነበበችና፣ «እንግዲያው የኛንም አስተካክይው አክስቴ» አለች። «ታጅ አልሲር፣ የሲተና ወንድም።»

ሐጅ ባቢክር ጥምጥማቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ኧረ እናንተ ሴቶች! ነገ የምወስደው ዝርዝር ነው ወይስ የሰርግ ዘፈን?»

«ሁለቱንም ይውሰዱ» አለች በቱል። «ከከበዳቸው አንዱን ይመልሱታል።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ያንን ሌላውን ስሙንስ አትጽፊም? አንቺ ያወጣሽለትን?»

ብዕሩን ከደንኩ።

ቅዳሜ ማለዳ ሐጅ ባቢክር ወረቀቱን ደረት ኪሳቸው፣ ቪዲዮውን ስልካቸው ውስጥ ይዘው በኡስማን መኪና ሸንዲ ሄዱ። ሁለቱም ስም፣ አምስቱም ሰው፣ ከነልቅሶው ተቀበሏቸው አሉ። ከዚያ ወዲህ የሰማነው ነገር የለም።

እኔ ያን ዕለት ነፋጁን አንኳኳሁ። አራት ቀን ዘግይቼ፣ ግን አንኳኳሁ። መቀርቀሪያው ተነሣ፤ በቱል በቀዳዳው ወንፊቴን ዘረጋችልኝ። ዘጠኝ ዓመት ያልመለሰችውን!

«ውሰጂ» አለች። «ካንቺ የምፈልገው የለም።»

«አልቀበልም» አልኩ። «ሙደሲር ራሱ ያምጣልኝ።»

አየችኝ፤ ብዙ አየችኝ። ስሙን በትክክል ስጠራ የሰማችው ያኔ መጀመሪያ ሳይሆን አይቀርም። ወንፊቱን መልሳ ብብቷ ሥር ሸጎጠችው፤ ነፋጁን ግን አልዘጋችውም። ፍየሏ በዚያ በኩል ገብታ የዘራሁትን ከርከዴ ትግጣለች። ትጋጠው። እስኪመጣ አልዘጋም።