የተረፈችው ዕጣ

ጋሽ ደምመላሽ ፊታቸውን ወደ ኢፋ ግቢ አጥር አዙረው ከባርኔጣቸው ዕጣውን እያወጡ በየቅርጫው መደብ ላይ ጣሉ። ቆርኪ፣ አዝራር፣ የተሰበረ ማበጠሪያ፣ የባቄላ ፍሬ። መጨረሻ ላይ አንዲት የጎማ ቫልቭ ክዳን እጃቸው ውስጥ ቀረች፤ ሸራው ላይ ግን ዕጣ ያልወደቀበት ሥጋ አልነበረም።

«ዕጣ ተረፈ» አሉ። «በሬው ጎደለ እንዴ?»

«በሬውስ ሙሉ ነው» አለ ኢፋ፣ ቢላውን በባሕር ዛፍ ቅጠል እየጠረገ። «ሰው ነው የበዛው። ይቺ የማን ናት?»

የማን ትሆናለች፤ የወንዶሰን እንጂ። ወንዶሰን ሮቤ መውጫ ላይ ለሰው ተቀጥሮ ጎማ ይለጥፋል። የለጠፈው ጎማ ዓመት ይከርማል፤ ያወራው ወሬ ግን ዕድሜ ልክ ነው። አንድ ጊዜ ሳነቴ ተራራ ላይ ነፋስ ጎማ ከእጁ ነጥቆ ጎባ ገበያ አወረደው፤ እሱ በእግሩ ሲደርስ አንዲት ሴትዮ ቅቤ ደርድራበት ስትቸረችር አገኛት። ይህን ያላመነ ጎማው ሳይነፋለት ይውላል።

«አንተ ሪራ አልሄድክም እንዴ?» አለ ኢፋ።

«ሪራ ብሆን ጢምህ ላይ ያለውን ጨጓራ አየው ነበር?»

ሰዉ ሳቀ። ኢፋ ጢሙን ጠረገና አልተወውም። «በነሐሴ መዋጮ ስንሰበስብ ምን ነበር ያልከው? ‹የሪራ ማር ሥራ አስኪያጅ ሆኛለሁ፣ ለእንቁጣጣሽ እኔን አትቁጠሩኝ› አላልክም? አልቆጠርንህም።»

ማለቱንስ ብሏል። ነገሩ ሥር ነበረው። የሚስቱ የሀዋኒ አጎት ልጅ ቶላ፣ ከሳነቴ ማዶ ሪራ ላይ ማር የሚነግደው፣ በስልክ «ከሳነቴ የሚወርዱት አይሱዙዎች ጎማቸው ተበልቶ ነው የሚደርሱት፤ የሚለጥፍ የለም። አንዲት የቆርቆሮ ክፍል አለችኝ፣ ኑ» ብሎ ነበር። ወሬው ከስልኩ ወጥቶ ሻይ ቤት እስኪደርስ ቆርቆሮዋ ቪላ ሆነች፣ ጎማ መለጠፉም ሥራ አስኪያጅነት። ሀዋኒም የሰማችው ቪላውን ነው። መቼ ነው የምንሄደው ስትለው «መኪናው ጋራዥ ገብቷል» ይላታል። ከዚያ ራሱ ያለውን ራሱ ረሳው፤ መዋጮ ሲሰበሰብ የዘለሉትም እንደ አምናው ኋላ ይከፍላል ብለው መስሎት ጠዋት የቫልቭ ክዳኗን ዕጣ አድርጎ ይዞ መጣ።

«ዓመት በዓል ነው» አሉ ጋሽ ደምመላሽ። «ከየመደባችሁ ቆንጥሩለት። የስንብት ይሁን።»

አንዱ ጎድን፣ አንዱ ከምላስ፣ አንዱ ከሻኛ ወረወረ። ፌስታሉ አልበቃ ብሎ በማዳበሪያ ተቀየረ። ዕጣ ያልወጣለት ሰው ከሁሉ የበለጠ ሥጋ ተሸከመ። አንድ በአንድ እየመጡ አቀፉት። አምና ሙሉ የሰደበው ኢፋ እንኳ ዓይኑ ረጠበ።

«መንገዱን የቀና ያድርግላችሁ» አሉ ሽማግሌው። «የስንብት ሥጋ በልቶ ሰፈር ውስጥ ሲዞር የተገኘ ሰው በዕድሜዬ አላየሁም። መቼ ነው እንግዲህ?»

ወንዶሰን እውነቱን ሊናገር አፉን ከፈተ። የወጣው ግን «ማክሰኞ ነው፣ ጋሼ» ነበር።

ማዳበሪያውን ትከሻው ላይ አድርጎ በጭቃው ሄደ። ቆመ። መለስ አለ። ልመልሰው ይሆን? ሁለት ጊዜ እስከ ኢፋ አጥር ደርሶ ሁለት ጊዜ ተመለሰ፤ ሦስተኛው ላይ የኢፋ ውሻ ሥጋው ሸቶት መከተል ሲጀምር ወደ ቤቱ ገባ።

ቤቱ ቄጠማ አልተጎዘጎዘበትም። ሀዋኒ ደንበኞቿን ሹሩባ የምትሠራበት ትልቁ መስታወት ከግድግዳ ወርዶ በብርድ ልብስ ተጠቅልሏል። ፍራሹ በገመድ ታስሮ ጥግ ቆሟል።

«ዓመት በዓል ቤት እንዲህ ነው እንዴ?»

«ለሚሄድ ሰው ማን ቄጠማ ይጎዘጉዛል?» አለች።

ወንዶሰን ማዳበሪያውን አወረደ። «ሀዋኒዬ፣ ቁጭ በይማ።»

«ቆሜም እሰማለሁ።»

«ሥራ አስኪያጅ የሚባል ነገር የለም።»

«ኤዬ» አለች፣ በኦሮምኛ አዎ ማለቷ ነው፣ እንደሚቆጥር ሰው።

«ጋራዥ የገባ መኪናም የለም።»

«ኤዬ።»

«ቪላ ያልኩሽ የቆርቆሮ ክፍል ነው። በሩም...»

«በሩ በሽቦ ነው የሚታሰረው። ጣሪያው በምሥራቅ በኩል ያፈሳል። ውሃ ከምንጭ ነው። በነሐሴ ደውዬ ቶላን ጠይቄዋለሁ።»

ቁጭ ያለው ራሱ ወንዶሰን ሆነ። «እያወቅሽ ዝም አልሽ?»

«ስንት ዓመት ወሬህን ስሰማ ኖርኩ። ጎማው በረረ፣ አንበሳው መንገድ ጠየቀህ። ከሁሉም አንዷ ብቻ እውነት ነበረች፣ እሷም ትንሿ ቆርቆሮ። እሷ ውስጥ ገብቼ ልኑር ብዬ ነው።»

«እዚህ እኮ ጎማ ስለጥፍ ሰው ከቦኝ ነው። እዚያ ማን ይሰማኛል? ንብ?»

«ንብ ጥሩ ሰሚ ናት። ካልጣማት ትነድፍሃለች፣ አንተም ታሳጥራለህ።» ሳቋን ዋጠችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እኔ ማክሰኞ በጎባ በኩል እወጣለሁ። የሪራ ሴቶችም ፀጉር አላቸው። አንተ እንደ ሐሳብህ።»

ማክሰኞ። እሱ ለጋሽ ደምመላሽ ከአየር ላይ የቀጠፈላቸው ቀን፣ ለካ እቤቱ ተቀምጦ ይጠብቀው ነበር።

መክተፊያውንና ቢላውን ፊቱ አስቀመጠችለት። ለወጥ ነው ወይስ ለስንቅ፣ አላለችውም። ውጭ ልጃገረዶች አበባ አየሆሽ እያሉ ያልፋሉ። እንኳን አደረሳችሁ የሚል እንግዳ አሁን በሩን ያንኳኳል፤ ወጥ ይጠበቃል። ወንዶሰን ከማዳበሪያው ወፈር ያለውን ብሩንዶ መዘዘ፣ አገላበጠው፣ መለሰው፣ እንደገና አወጣው። ቢላውን ከጥግ አስገብቶ ሥጋውን ማሽከርከር ጀመረ። ሥጋው እንደ ገመድ ስስ ሆኖ እየተተረተረ እስከ ጉልበቱ ወረደ። ቋንጣ ነበር።

ሀዋኒ ዝልዝሉን በሁለት እጇ ተቀበለች። «ማንጠልጠያ የለንም» አለች፣ ወደ ፍራሹ ገመድ እየሄደች።

«እሱን አትፍቺው» አለ ወንዶሰን፣ ቀና ሳይል። «ሌላ ፈልጊ።»